ጥቁር ጊታሬ በጭረት አለቀ፤ በምን ላጥፋው?

ከዚራ ስድስት ክር
ማክሰኞ ማታ 2፡15

ሰላም ጀመዓ። ሙቀቱ እንዴት ይዟችኋል?

አንድ ጥቁር ስኳየር ስትራት የሚባል ኤሌክትሪክ ጊታር አለኝ። ከጅቡቲ ከተመለሰ ልጅ ነው ሁለተኛ እጅ የገዛሁት። ድምፁ ምንም አይወጣለትም። ቀለሙ ግን ጉድ ነው። ማታ አምፖል ሥር ደህና ይመስላል። ጠዋት በረንዳ ላይ ሳወጣው ሸረሪት ያደራችበት ነው የሚመስለው። ፊቱን በሙሉ ስስ፣ ክብ ክብ ጭረት ሞልቶታል። ጀርባው ላይ ደግሞ የቀበቶ ዘለበት የቧጨረው፣ መዳፍ የሚያህል ቦታ አለ።

የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ሠርግ አለብን። በቀን ነው፣ ግቢ ውስጥ። ቪዲዮ አንሺው ደግሞ ጣት ላይ ዙም ማድረግ ይወዳል።

አንድ ጓደኛዬ በጥርስ ሳሙና እሸው አለኝ። ታች ጥጉ ላይ የሳንቲም ያህል ሞከርኩ። እርጥብ እያለ ጭረቱ የጠፋ መሰለኝ። ሲደርቅ ቦታው ጭጋግ ለበሰ። አሁን ከጭረቱ ይበልጥ እሱ ነው የሚያበግነኝ። ምን ይሻለኛል?


ሳቢያን ቤዝ
ማክሰኞ ማታ 2፡31

አቦ ተወው! ጊታር ነው እንጂ መስታወት አይደለም። የጊታር ፋብሪካው ፌንደር ራሱ አዲስ ጊታር ሆን ብሎ ቧጭሮ፣ አስረጅቶ፣ "ሬሊክ" ብሎ በውድ ይሸጥ የለ? አንተ በነፃ አግኝተህ ታማርራለህ።


ከዚራ ስድስት ክር
ማክሰኞ ማታ 2፡34

አቦ አንተማ ከድራሙ ጀርባ ተደብቀህ ነው የምትጫወተው፣ ምን አለብህ። ሬሊኩ በአምሳ ዓመት ጨዋታ ያለቀ ነው የሚመስለው። የኔ ዕቃ በሽቦ የታጠበበት ነው የሚመስለው።


ጋራዥ ቀለም
ማክሰኞ ማታ 3፡02

ልጄ፣ እኔ ሥራዬ የመኪና ቀለም ነው። ጊታር ማታ ማታ ለራሴ ነው የምነካካው። ስለዚህ በቀለሙ በኩል እመነኝ፣ በጨዋታው አትመነኝ።

መጀመሪያ ሁለት ነገር ንገረኝ። ጥፍርህን በጭረቱ ላይ አግድም፣ ቀስ አድርገህ ጎትት። ይይዝሃል ወይስ ሳይሰማህ ያልፋል? ሁለተኛ፣ ጊታሩ የሚያብረቀርቅ ነው ወይስ ደብዛዛ? ሁለቱን ሳትመልስ ምንም ነገር እንዳትቀባ። የጥርስ ሳሙናውንም ለጥርስህ መልሰው።


ከዚራ ስድስት ክር
ማክሰኞ ማታ 3፡20

እሺ ጋሼ። አሁን በስልክ መብራት አየሁት። የፊቱ አንዱም አይይዝም። የጀርባው አብዛኛው አይይዝም፣ ሦስት መስመሮች ግን ጥፍሬን ቀጭ ያደርጋሉ። ጊታሩ የሚያብረቀርቅ ነው፣ ፊቴን ያሳየኛል።


ጋራዥ ቀለም
ማክሰኞ ማታ 3፡58

ጥሩ ዜና ነው። ጥፍር የማይዘው ሁሉ ይወጣል። ሦስቱን እርሳቸው፣ በኋላ እመለስባቸዋለሁ።

አንድ ነገር ከገባህ ሌላው ሁሉ ይገባሃል። ጭረት በማሸት አይሞላም። ዙሪያው ያለው ቀለም ነው ተፍቆ ወደ ጭረቱ ወለል ዝቅ የሚለው። ያኔ ብርሃኑ የሚሰናከልበት ጠርዝ ያጣና ዓይንህ አያየውም። ይኼ ማለት ባሸኸው ቁጥር ጊታርህ በትንሹ እየሳሳ ነው። መኪናም እንደዚያው ነው። በየወሩ ፖሊሽ የሚያስደርግ ደንበኛ ነበረኝ፣ በሦስተኛው ዓመት የኮፈኑ ጠርዝ ላይ ስቱኮው ታየ።

የአንተ ጊታር ቀለም መቼም ፖሊስተር ወይ ፖሊዩሬቴን የሚባለው ፕላስቲክ ነገር ነው። ርካሽና መካከለኛ ዋጋ ያላቸው የዘመኑ ጊታሮች ሁሉ ማለት ይቻላል እንደዚያ ናቸው። ጠንካራና ወፍራም ነው፣ ይታገስሃል። ስለዚህ አትፍራ፣ ግን አትድፈር።

አሁን ስለ አቧራው። ያ ክብ ክብ ያልከው ጭረት ከየት መጣ መሰለህ? ከጨዋታ አይደለም። ከውልወላ ነው። ድሬ ላይ ጊታር አንድ ቀን ውጭ ካደረ ላዩ ላይ ደቃቅ አሸዋ ይተኛል። አንተ በቲሸርትህ ጫፍ ጠረግ ጠረግ ስታደርገው በአሸዋ እያሸኸው ነው። ጥቁር ቀለም ደግሞ ምስጢር አይደብቅም። ስለዚህ ከምንም በፊት ማጠብ ነው። ንጹሕ ጨርቅ ውኃ ውስጥ ንከር፣ አንዲት ጠብታ ላርጎ ጨምርበት፣ እስኪደርቅ ድረስ ጭመቀው። ሳትጫን አቧራውን አንሳ፣ ጨርቁን አጥፈው፣ በሌላኛው ገጽ ቀጥል። አንድ ገጽ ሁለት ጊዜ አይነካውም።

ለዛሬ ይብቃኝ፣ መብራቱ እየሄደ እየመጣ ነው። የቀረውን ነገ።


ደቻቱ ማዶ
ረቡዕ ጠዋት 1፡10

ጋሼ እስኪመለሱ አንድ ሐሳብ አለኝ። የልብስ ሱቅ ያለው ዘመዴ ድሪል ላይ የሚገጠም የስፖንጅ ክብ አለው። ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው፣ መስታወት ያደርገዋል። እጅህን ለምን ታደክማለህ?


ጋራዥ ቀለም
ረቡዕ ጠዋት 1፡42

ወንድሜ፣ ድሪል ሙቀት ያመጣል። ስፖንጁ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ከቆየ ቀለሙ ይለሰልስና ይጨማደዳል፣ ጠርዝ ላይ ከወጣ ደግሞ ባንድ አፍታ እስከ እንጨቱ ይልጠዋል። እኔ ሃያ ዓመት ማሽን ይዤ ጊታሬን በእጄ ነው የማሸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ።

ወደ ከዚራው ልጅ ልመለስ።

ክሩን አውልቅ። ፒክአፖቹን፣ ከክሩ ሥር ያሉትን ድምፅ ተቀባዮች፣ ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ሸፍናቸው። ማግኔት ስለሆኑ የብረት ብናኝ ይስባሉ። ለዚያ ነው የብረት ሱፍ የሚባለውን ነገር ጊታር አጠገብ የማላስደርሰው። ፊቱ ላይ ያለውን የፕላስቲክ መከላከያ፣ የፒክጋርዱንም ጠርዝ ዙሪያውን ለጥፍበት፣ አለበለዚያ ነጩ ፖሊሽ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ይደርቅና ዓመት ሙሉ ታለቅሳለህ።

ከመኪና ቀለም ሱቅ ሁለት ነገር ትገዛለህ። አንዱ ሻካራው ነው፣ ኮምፓውንድ የሚባለው። ሌላው ለስላሳው ፖሊሽ ነው። የፋብሪካው ስም አያሳስብህ፣ ሲሊኮን እንደሌለው ግን ጠይቅ። ሲሊኮን ለጊዜው ያምራል። ነገ ቀለሙን ማደስ ብትፈልግ ግን አዲሱ ቀለም እዚያ ቦታ ላይ አልይዝ ብሎ ጉድጓድ ጉድጓድ ይሠራል። እኛ ጋራዥ ውስጥ ይኼ ነገር ስንት ቀን እንደሚያባክነን አትጠይቀኝ።

ሁልጊዜ ከለስላሳው ጀምር። የሽንብራ ፍሬ የምታህል ብቻ ጨርቁ ላይ አድርግ። ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ ያዝ። በመካከለኛ ጉልበት ጀምረህ እየቀለልክ ሂድ፣ አንድ ወይ ሁለት ደቂቃ። ጥረገውና የስልክህን መብራት ከጎን አጋድመህ እይ። ከላይ ካበራህበት ምንም አታይም፣ ጭረት የሚታየው ብርሃን ሲጋደም ነው። ከጠፋ አለቀ። ካልጠፋ ወደ ሻካራው ሂድ፣ ከዚያ ተመልሰህ በለስላሳው ጨርስ። ለሁለቱ ሁለት ጨርቅ ይሁን፣ እንዳይቀላቀሉብህ። መሬት የወደቀ ጨርቅ ደግሞ አበቃ፣ እጠበው እንጂ አራግፈህ አትመልሰው።

በጠዋት ሥራው፣ ጥላ ውስጥ። በዚህ ሙቀት ከረፋዱ በኋላ ፖሊሹ ገና ሳታሸው ይደርቅና ራሱ ይቧጭርሃል።

ጠርዙን፣ ያ ክንድህ የሚያርፍበትን ኩርባ ጭምር፣ እንዲሁ ነካ ብቻ አድርገው። ቀለም ጠርዝ ላይ ሁልጊዜ ስስ ነው።

የጥርስ ሳሙናው ጭጋግም በዚሁ ይወጣል። እሱም ያው ደቃቅ ጭረት ነው።


ጁገል ማታ
ረቡዕ ከሰዓት 9፡25

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ ግን "ደብዛዛ ነው ወይ" ያሉትን ጥያቄ ላሰምርበት። ለሌሎቻችሁ ነው፣ የከዚራው ልጅ ድኗል።

ሐረር ነኝ። ደብዛዛ ቡናማ ጊታር ነበረኝ፣ ያ እጅ ላይ እንደ ሐር የሚለው ዓይነት። የክንዴ ቦታ ላይ ትንሽ ጭረት አየሁና ፖሊሽ ገዛሁ። አሸሁት። ጭረቱ ጠፋ። በምትኩ መሐሉ ላይ ጀበና ማስቀመጫ የምታህል የምታብረቀርቅ ክብ ወጣች። መላጣ በሉት። የቀረውን ልቀላቅለው ብዬ ዙሪያውን ሳሽ መላጣው ሰፋ። በመጨረሻ ግማሹ የሚያብረቀርቅ፣ ግማሹ ደብዛዛ ሆነ። ደብዛዛ ቀለም ደብዛዛ የሆነው ላዩ ሻካራ ስለሆነ ነው። ስታሺው ሻካራነቱን እየገደልሽ ነው።

ሌላው ጥፋቴ ጨርቁ ነው። መኪና ግርግር፣ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ ወርጄ ከአንድ ልብስ ሰፊ የፍላኔል ቁራጭ ለመንኩ። የሲንገር ስፌት መኪናው መቶ ባንድ ላይ እየተንጣጣ፣ ደግ ሰውዬ እፍኝ ሙሉ ሰጠኝ። ቁራጩ ለስላሳ ነው፣ ግን አንዱ ጠርዙ ላይ የናይለን ስፌት ነበረበት። አላየሁትም። ስፌቱ በየዙሩ መስመር አሰመረልኝ። አሁን ጨርቅ ከመያዜ በፊት ከንፈሬ ላይ አሻሽቼ ነው የምፈትነው። ስቃችሁ ስትጨርሱ ሞክሩት።


ሳቢያን ቤዝ
ረቡዕ ከሰዓት 9፡40

እኅቴ፣ ጀበና ማስቀመጫ የምታህል መላጣ! ሳቄን ማቆም አልቻልኩም። ይቅርታ።


ጁገል ማታ
ረቡዕ ከሰዓት 9፡44

ሳቅ ሳቅ። ጊታሩን የገዛኝ ልጅም ስቆ ነው ዋጋ የቀነሰው።


አሸዋ ሰፈር
ረቡዕ ማታ 1፡30

ወሬውን ልጥለፍ። አጎቴ ከውጭ ያመጣው አሮጌ ጊብሰን ጊታር አለ። ሳሎን ውስጥ የጎማ እግር ባለው ስታንድ ላይ ዓመት ቆሞ፣ ጎማው የነካው ቦታ እንደ ማስቲካ ተልጎመጎመ። ፊቱ ላይም ስስ ጭረቶች አሉ። የከዚራው ልጅ ዘዴ ይሆነኛል? አጎቴ ለዓረፋ ሲመጣ ላስደንቀው ፈልጌ ነው።


ጋራዥ ቀለም
ረቡዕ ማታ 2፡05

አንተ ልጅ፣ እጅህን አንሳ! ታስደነግጠዋለህ እንጂ አታስደንቀውም።

እሱ ናይትሮ ነው። ናይትሮሴሉሎስ የሚባለው የድሮ ላከር። ጊብሰን አሜሪካ የሚሠራቸው ላይ እስከ ዛሬ ይኼንኑ ነው የሚረጨው። ፌንደር በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው ወደ ፖሊስተር ያዘነበለው። ናይትሮ ስስ ነው፣ ከጎማ ጋርም አይስማማም። ጎማው ውስጥ ያለው ማለስለሻ ወደ ቀለሙ ይገባና ያቀልጠዋል። አሁኑኑ ስታንዱን በጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው።

ለጭረቱ ለስላሳው ፖሊሽ ብቻ፣ በትንሹ፣ ያውም አጎትህ ከፈቀደ። ብርጭቆ ወረቀት እንዳታስነካው። አልኮል እንዳታስነካው። አሴቶንማ ስሙም አይነሣ፣ ናይትሮን እንደ ስኳር ነው የሚያሟሟው።


ደቻቱ ማዶ
ረቡዕ ማታ 2፡11

ጋሼ ግን ሁሉም ጊብሰን ናይትሮ አይደለም። የጊብሰንን ርካሽ መለያ፣ ኤፒፎንንም፣ ጊብሰን ነው ብለው የሚሸጡ አሉ። በምን ይለያል?


ጋራዥ ቀለም
ረቡዕ ማታ 2፡26

ልክ ነህ፣ ኤፒፎን ከሆነ ፖሊ ነው፣ ነገሩ ይቀላል። ግን ጎማ ላይ እንደዚያ የቀለጠ ፖሊ እኔ አላየሁም። መለየት የፈለገ የጆሮ ጥጥ ጫፍ በአሴቶን አርሶ ፒክጋርዱ ሥር፣ በማይታይ ቦታ ነካ ያደርጋል። ናይትሮ ወዲያው ይጣበቃል፣ ፖሊስተር ንቅንቅ አይልም። ፕላስቲኩን ግን እንዳትነኩ፣ ይቀልጣል። ለአሸዋው ልጅ ግን ይኼን ሙከራ አልፈቅድም። የአጎት ዕቃ ነው።


ጁገል ማታ
ረቡዕ ማታ 2፡50

ናይትሮ ያላችሁ ሰዎች በድሬና በሐረር መሐል ያለውን ደንገጎን ስትወርዱ ስትወጡ ሣጥኑን ቶሎ አትክፈቱት። ሐረር ከድሬ በ600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ ከብርድ ወደ እሳት ነው። እንጨቱና ቀለሙ እኩል አይለጠጡም፣ ስለዚህ ናይትሮው ይሰነጠቃል። ሣጥኑ እንደተዘጋ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ይረፍ።


ከዚራ ስድስት ክር
ዓርብ ረፋድ 4፡18

ሪፖርት ይዤ መጣሁ።

ዛሬ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥቼ በረንዳ ላይ ብርድ ልብስ አነጠፍኩ። ክር አወለቅኩ፣ ለጠፍኩ፣ አጠብኩ። የማጠቢያው ጨርቅ የሻይ ቀለም ነው የሆነው! እኔ እኮ ንጹሕ ጊታር ነው ያለኝ ብዬ ነበር።

ለስላሳው የፊቱን ሦስት አራተኛ አጠፋልኝ። በየመሐሉ ሁለት ቦታ ሻካራውን ተጠቀምኩ። የጥርስ ሳሙናው ጭጋግ በመጀመሪያው ዙር ሄደ፣ ጋሼ ዕድሜ ይስጥልኝ።

አንድ ጊዜ ግን ልቤ ቆሞ ነበር። ጀርባውን በሻካራው ሳሽ ነጩ ጨርቅ ጥቁር ሆነ። ቀለሙን የበላሁት መሰለኝ። ጥሩ ነው ወይስ አለቀልኝ?


ጋራዥ ቀለም
ዓርብ ረፋድ 4፡40

ከመጀመሪያው መጥረጊያ ጀምሮ ነው ወይስ ብዙ ካሸህ በኋላ በድንገት?


ከዚራ ስድስት ክር
ዓርብ ረፋድ 4፡43

ጀርባው ላይ ከመጀመሪያው ጀምሮ። ፊቱ ላይም ትንሽ ነበረ መሰለኝ፣ አላስተዋልኩትም።


ጋራዥ ቀለም
ዓርብ ረፋድ 5፡01

እንግዲያው አትደንግጥ። አንዳንዱ ጊታር ከቀለሙ በላይ ጥርት ያለ መከላከያ ሽፋን አለው፣ አንዳንዱ ደግሞ ቀለሙ ራሱ የመጨረሻው ሽፋን ነው። የአንተ ሁለተኛው ነው፣ ስለዚህ ጨርቁ ጥቁር መሆኑ ያለ ነው። ሽፋን ያለው ሆኖ ብዙ ታሽቶ ድንገት ቀለም ማውጣት ከጀመረ ግን ሽፋኑን በስተሃል ማለት ነው፣ እዚያው ታቆማለህ። ያም ሆነ ይህ የጀርባው ይብቃህ።


ደቻቱ ማዶ
ዓርብ ቀን 6፡15

ሦስቱ ጥፍር የሚይዙትስ? 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውኃ ቢሄድበትስ? ሱፐር ግሉም ይሞላዋል ሲሉ ሰምቻለሁ።


ጋራዥ ቀለም
ዓርብ ቀን 7፡30

ሁለቱም ይቻላል፣ ሁለቱም ግን ከሠርግ በፊት የሚሞከሩ አይደሉም።

ብርጭቆ ወረቀቱ 2000 ይሁን፣ ላጲስ ላይ ተጠቅልሎ፣ ላርጎ ባለበት ውኃ፣ በቀጥታ መስመር። ከ1500 በታች ያለው ለስስ ጭረት ከበሽታው የባሰ መድኃኒት ነው። የብሎን ቀዳዳ ያለበት ቦታ ላይ ውኃ አይቅረብ። ውኃው ቀዳዳውን ተከትሎ እንጨቱ ውስጥ ይገባል፣ እንጨቱ ያብጣል፣ ቀለሙ ቀዳዳው ዙሪያ ይሰነጠቃል። ማንገቻው የሚታሰርበት ብሎን አካባቢ እንደዚያ የተበላሸ ስንት አይቻለሁ።

ሱፐር ግሉ ፖሊስተር ላይ ይይዛል። ጠብታ ጠብታ አድርገህ ትሞላለህ፣ በደንብ ይደርቃል፣ ምላጭ ጫፍና ጫፉን በስኮች ጠቅልለህ መሐሉ ብቻ እንዲፍቅ አድርገህ ከወለሉ ጋር ታስተካክላለህ፣ ከዚያ 2000፣ ከዚያ ኮምፓውንድ። ጥቁር ላይ ስታየው ጥርት ያለ ነው፣ እንደ ቀለም አይጠቁርም፣ ግን ጥፍር አይይዝም። መጀመሪያ በተጣለ ዕቃ ላይ ተለማመድ። እኔ ብሆን ሦስቱን እተዋቸው ነበር፣ ሆድህን ነው የሚያዩት።


ሳቢያን ቤዝ
ዓርብ ቀን 7፡38

እንዴ! እኔ ማክሰኞ "ተወው" ስል ተሰደብኩ፣ ጋሼ ሲሉት ምክር ሆነ?


ጋራዥ ቀለም
ዓርብ ቀን 7፡52

አንተ ሁሉንም ነው ተወው ያልከው። እኔ ሦስቱን ነው ያልኩት። በል ቤዝህን ጥረግ፣ በእርጥብ ጨርቅ።


ከዚራ ስድስት ክር
እሑድ ከሰዓት 10፡05 (ከሠርጉ ማግስት)

ሠርጉ በሰላም አለፈ። ጊታሩ ቪዲዮው ላይ ጥቁር ሐይቅ ነው የሚመስለው፣ የሙሽራዋ ቀሚስ ሁሉ ይታይበታል።

አንድ ችግር ብቻ አለ። ከፒክጋርዱ ሥር የጥርስ ሳሙናው ገብቶ ቀርቶ ኖሯል። ገና ፕላስተር ሳልለጥፍ የሞከርኩት ጊዜ የገባ ነው። ከሰዓት ፀሐዩ ሲጠነክር፣ ላቤ ሲንጠባጠብበት፣ መድረኩ ሙሉ ናና ናና ይሸት ጀመር። ድራመሩ በየዘፈኑ መሐል "ማን ነው ማስቲካ የያዘው፣ ስጡኝ" እያለ ሲጨቀጭቀን ዋለ።

ጋሼ፣ ይኼን በምን ላውጣው?


ጋራዥ ቀለም
እሑድ ማታ 1፡20

ፒክጋርዱን ፍታው፣ ብሎኖቹን በየቀዳዳቸው ቅደም ተከተል አስቀምጥ። በስቴኪኒ ጫፍ አውጣው፣ የተረፈውን በእርጥብ ጨርቅ። ለድራመሩ ማስቲካ ግዛለት።